እትዬ ፋናዬና የአሰላ ወለምታ

በአርባዎቹ ዓመታት አሰላ የገባ እንግዳ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በጭላሎ ተራራ ላይ ሳይሆን በሚያነክሱ ወንዶች ላይ ነበር። የአንዱ እግር፣ የሌላው አንጓ፣ የዚያኛው አውራ ጣት በጨርቅ ተጠቅልሏል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝና ጨርቁን የሚለምኑት ከእኔ ነው፤ የዚያ ከተማ ወለምታ ስንት አቡጀዲ እንደ ፈጀብኝ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እንግዳው ደንግጦ "ምን ነካችሁ?" ሲለን ሁላችንም በአንድ አፍ "ጭቃው ነው፣ መንገዱ ነው" እንላለን። ዓይናችንን በጨው አጥበን እንዋሻለን። በአሰላ እውነተኛ ወለምታ ብርቅ ነበር።

ጣጣውን ያመጣችው እትዬ ፋናዬ ናት። እትዬ ፋናዬ ወጌሻ ነበረች፤ ሙያውን ከአባቷ ነው የወረሰችው፣ አባቷም ከሸዋ መጥተው አርሲ ከሰፈሩት ከአባታቸው። አጭር፣ ደንዳና፣ አውራ ጣቷ የወንድ አውራ ጣት የሚያህል፣ ምላሷ ደግሞ ከጣቷ የባሰ ሴት ናት። ቤቷና የእኔ መስፊያ ቤት አንድ አጥር ይጋራሉ። መኪናዬ ካልጮኸ በቀር በዚያ ቤት የሚባለው ሁሉ ጆሮዬ ይገባል፣ እውነቱን ለመናገር መኪናዬን በየጊዜው ዘይት የማጠጣት ነገሩን በደንብ ለመስማት ነበር።

ስታሽ የራሷ ስልት አላት። ቅቤውን በመዳፏ መካከል ታሞቅና ከታመመው ቦታ ራቅ ብላ ትጀምራለች፤ ቁርጭምጭሚት ያመመውን ከጉልበቱ፣ አንጓ ያመመውን ከብብቱ ሥር። አውራ ጣቷ ሥሩን እየተከተለ ሄዶ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። እዚያ ላይ ትጫናለች። ሰውዬው "ወይኔ!" ይላል። ያን ጊዜ ትጠይቀዋለች።

ከጭላሎ ግርጌ የሚመጣ ጉደታ የሚባል ገበሬ ነበር። አንድ የጥቅምት ቀን እያነከሰ ገባና አጎዛው ላይ ተዘረጋ።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ፈረስ ጣለኝ፣ እቴቴ። ቁርጭምጭሚቴን።"

አሸችው፤ ባቱ ላይ ስትደርስ ቆመች። "ይሄ ወለምታ አይደለም። እዚህ ማን ነው የተቀመጠው?"

"ማንም የለም።"

"የትኛው ፈረስ ነው የጣለህ?"

"ዳማው።"

"ዳማው ሰኔ ላይ ሞተ ብለህ አልነበረም እንዴ? የሞተ ፈረስ ነው በጥቅምት የሚጥልህ?"

መኪናዬን አቁሜ አዳመጥሁ፤ ጉደታ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሳቁ ተሰበረና እንደ ሕፃን አነባ። ያን ያህል ደንዳና ሰው ለፈረሱ እያለቀሰ "ስሜን ያውቅ ነበር፣ ከሩቅ ድምፄን ያውቅ ነበር" ሲል እኔም በምሰፋው ሱሪ ዓይኔን ጠረግሁ። እሷ ባቱን ማሸቷን አላቆመችም። "በል አውጣው፣ ያ ከብት ምን አጠፋ፣ አውጣው እንጂ አንተ ድንጋይ!" እያለች ትሰድበዋለች። ሲወጣ እግሩ ላይ ጨርቅ ጠምጥሟል፤ ለሚያየው ሰው ወለምታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ዘንድ ለቅሶ ሥርዓት አለው። መርዶ ይነገራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ደረት ይመታል፣ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ ይመጣል። ለፈረስ ግን መርዶ የሚነግር የለም። ግራዝማች ሣህሌም ክርስትና ሳትነሣ የሞተችባቸው ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ ለእሷም ድንኳን አልተተከለም። ስለዚህ ግራዝማች በየወሩ ያነክሳሉ። ችግራቸው የትኛውን እግር እንደሚያነክሱ መርሳታቸው ነበር። ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ ገብተው ግራቸውን እየጎተቱ ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለአንድ ትልቅ ሰው ይህን መንገር አይቻልምና ዝም አልሁ። እኔም አንድ ሁለት ጊዜ አንጓዬን ይዤ ሄጃለሁ። የእኔ ግን ወለምታ ነበር።

ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ሰኪና ነበረች። ሰኪና የአርሲ ልጅ ናት፣ እስላም፣ የጨርቅ ነጋዴው የአብዶ ሚስት፤ እሷም አሺ ናት። ሰኪና የምታሸው በላት ነው፤ ቤቷ የታረደ በግ ላት በጥቁር አዝሙድ አቅልጣ በቅል ታስቀምጣለች። ሽታው መንገዱን ተሻግሮ እኔ ዘንድ ሲደርስ ቁልፍ የምተክልበት ቀዳዳ ይጠፋኛል። ስታሽም አትናገርም፣ አትጠይቅም። ማልቀስ የማይፈልግ በሽተኛ ወደ እሷ ይሄዳል።

ሁለቱ ሴቶች ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። ምክንያቱን ብጠይቅ እያንዳንዳቸው ሌላ ሌላ ነገር ነገሩኝ፤ እነሱም የረሱት ይመስለኛል። ጧት ጧት በየደጃቸው ቆመው መንገዱን አሻግረው ይወራወራሉ።

"እኔ ሰውን በበግ ቂጥ አላሽም!" ትላለች እትዬ ፋናዬ።

"ቅቤ ለሹሩባ ነው!" ትላለች ሰኪና። "እሷ ወገብ ነው የምታሸው ወይስ ፀጉር የምትሠራው?"

እኔ መካከል ቁጭ ብዬ ሱሪ እሰፋለሁ።

አሁን ስለ እትዬ ፋናዬ ክንድ መናገር አለብኝ፤ እሷ ራሷ ለማንም የማትናገረው ነገር ነበርና። ቀኝ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አይወጣም ነበር። ጎንበስ ብላ ለማሸት ይታዘዝላታል፤ ሽቅብ ግን አይሄድም። ይህን እንዳናውቅባት በቤቷ ያለውን ሁሉ ዝቅ አድርጋ ሰቅላዋለች፤ ረጅም ሰው ሲገባ ወንፊቱን በጉልበቱ ይገጨዋል። ከሁሉም ዝቅ ብሎ የተሰቀለው ኮርቻ ነው። ያን ኮርቻ በየሳምንቱ ቅቤ ትቀባዋለች፤ ፊት ያሳያል።

ኮርቻው የባሏ የገብረ መድህን ነው። ገብረ መድህን ከጎበሳ እህል በበቅሎ እየጫነ አሰላ የሚያወርድ ሰው ነበር። ጣሊያን በመጣበት ዓመት፣ በሃያ ስምንት፣ ስንቅ ጫኝ ሆኖ ከዘማቾች ጋር ሄደ። የክት ኮርቻው ጦርነት ላይ እንዳይበላሽበት ቤት ትቶት፣ በአሮጌው ተቀመጠ። እሷ ደጅ ወጥታ፣ እሱ በቅሎው ላይ እንዳለ፣ የስንቁን አቁማዳ በቀኝ እጇ ሽቅብ አቀበለችው። ተቀበላትና ሄደ። አልተመለሰም።

ዘማቾች ሲመለሱ አንዱ "ደሴ አይቼዋለሁ" አላት፤ ሌላው "ታሞ ነበር" አላት፤ ሌላው ዓይኗን ሸሽቶ ሄደ። ሲሞት ያየ የለም፣ ስለዚህ መርዶ የሚነግራት አልተገኘም። መርዶ ከሌለ ለቅሶ የለም። "ባልሽስ?" የሚላት ሲኖር "መንገድ ላይ ነው" ትላለች። ይህን እያለች ጠጉሯ ሸበተ። የከተማውን ሰው ሁሉ ታስለቅሳለች እንጂ ስታለቅስ ያያት ሰው አልነበረም።

በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። ይህን ሳስታውስ እስካሁን ይጨንቀኛል። ማዶና ማዶ ሁለት የተራቡ ሴቶች፣ መካከል እኔ። እትዬ ፋናዬ በጾም ቅቤ ቆዳም አይነካም ባይ ናትና በኑግ ዘይት ታሻለች፤ እጇ እየሾለከ ያበሽቃታል። በዚያ ላይ ግራዝማች ሣህሌ ትከሻቸውን ይዘው መጡ። እግራቸው ተሟጦ አልቋል መሰለኝ።

እያሸቻቸው ሳለ ዝም አለች። ዝም ማለቷ አስደንግጦኝ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። እጇ ግራዝማች ትከሻ ላይ ቀርቷል፤ አይወጣም፣ አይወርድም። ግራዝማች ልታጽናናቸው መስሏቸው ለቅሷቸውን ቀጥለዋል። "እግዜር ይስጥሽ፣ ፋናዬ፣ እንዳንቺ ያለ እጅ የት ይገኛል" ይላሉ። እሷ ከንፈሯን ነክሳ ላቧ ይንጠባጠባል። መጨረሻ ላይ በግራ እጇ የቀኟን ይዛ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ አነሣችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ክንዷ ጎኗ ላይ ተለጠፈ። የመጣውን ሁሉ መለሰች። ከተማው ውስጥ እንዴት ያለ ብጥብጥ ተነሣ መሰላችሁ! ማልቀሻ ያጣ ወንድ ምን ያደርጋል? ይጣላል። ጠጅ ቤቱ ውስጥ በየቀኑ ድብድብ ሆነ፤ ጉደታ ከዳገቱ ወርዶ በሯ ተዘግቶ ቢያገኘው አጥሩን በእርግጫ መትቶ እግሩን አሳመመ፣ ለዚያም እያስለቀሰ የሚያሸው አጣ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አብሬያት ሄድሁ። በር ላይ ልታማትብ ስትል ቀኟ እምቢ አላት፤ በግራዋ ጀመረችና አፍራ ተወችው። መንገድ ላይ ቆመች።

"በዛብህ፣ ይሄ እጅ ካልተነሣ እኔ ማን ነኝ?" አለችኝ። "ሰው የሚያውቀኝ በእጄ ነው። አሁን ግንባሬ ላይ እንኳ መስቀል መሥራት አቃተኝ። ፈርቻለሁ፤ ለማንም እንዳትነግር።"

ፈርቻለሁ ማለቷ ከክንዷ የበለጠ አስደነገጠኝ። "ሰኪና ትይልሽ" አልኋት። ክንዷ ታሞ እንጂ በጥፊ ትለኝ ነበር። ያለችኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

እንዳትነግር ብላኝ ነበር፤ እኔ የነገርሁት ለሁለት ሰው ብቻ ነው፣ ለግራዝማች ሣህሌና ለነፍስ አባቷ ለመምሬ ወልደጻድቅ። ሦስታችንም ተያይዘን ሰኪና ዘንድ ሽማግሌ ሄድን። ነጠላችንን አስተካክለን፣ ከዘራ ይዘን፣ ደጇ ላይ ቆምን።

ሰኪና አየችን አየችንና "ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ነው" አለች። "አብዶ ጨርቅ ሊሸጥ ወደ ሮቤ ሄዷል። ሳይመለስ ለማን ልትድሩኝ ነው?"

ግራዝማች ጉዳዩን በረጅሙ አስረዱ። ሰኪና እየሰማች ፊቷ ተለወጠ። "ክንዷ እንደማይወጣ አውቃለሁ" አለች። "ስትሰድበኝ እጇን ከወገቧ አታነሣም። እንደ እሷ ያለች ተሳዳቢ እጇን ሳትወረውር ትሳደባለች? ያኔ ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ነይልን፣ ልጄ" አሉ መምሬ።

"እመጣለሁ። ግን በላቴ ነው የማሸው፤ እጄ ሌላ አያውቅም። ደግሞ እሷ ራሷ ትጥራኝ። ሳልጠራ የሰው ቤት አልገባም።"

ተመልሰን ለእትዬ ፋናዬ ነገርናት። ጮኸች። "በሁዳዴ! የእስላም እርድ! የበግ ቂጥ!" እያለች ቤቱን ዞረች። "መምሬ፣ እርስዎ የነፍስ አባቴ አይደሉም እንዴ? ይህን ሰምተው ዝም ይላሉ?"

መምሬ ወልደጻድቅ ጢማቸውን ዳሰሱ። "መጽሐፉ የሚናገረው ወደ አፍ ስለሚገባው ነው" አሉ። "ወደ ትከሻ ስለሚገባው የተጻፈ አላየሁም።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"እርግጠኛ ነኝ፤ መርምሬዋለሁ።"

እትዬ ፋናዬ መለስ ብላ አፍንጫዋን ወደ መምሬ አስጠጋች። አሸተተች። ደግማ አሸተተች።

"መምሬ፣ ወገብዎ እንዴት ነው?"

"ወገቤ... ደኅና ነው፣ ምን ሆነ?"

"ላት ላት ይላሉ።"

"ጧፍ ነው" አሉ መምሬ።

"ጧፍ ሰም ነው፣ መምሬ።"

መምሬ ቀሉ፣ ጠቆሩ። ከጥምቀት ጀምሮ ሰኪና ዘንድ በጓሮ በር እየገቡ ወገባቸውን ሲታሹ ኖረዋል። "አንቺ ዘንድ ብመጣ ታስለቅሽኛለሽ" አሉ በመጨረሻ፣ በቀስታ። "የነፍስ አባት በነፍስ ልጁ ፊት ያለቅሳል? እኔስ ማን አለኝ?" ይህን ሲሉ ማናችንም አልሳቅንም፤ ከትንሽ ቆይታ በኋላ ግን እትዬ ፋናዬ ሳቀች፣ እሷ ስትስቅ ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ ተነሥታ ደጅ ወጣች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ማዶ ጮኸች።

"አንቺ ሰኪና! ያንን የበግ ቂጥሽን ይዘሽ ነይ!"

ሰኪና ደጃፏ ላይ ነበረች። "ጠራችኝ" አለች፤ ቅሏን አነሣችና መንገዱን ተሻገረች።

እኛ ሦስታችን ከበሩ ውጭ ያለው መደብ ላይ ፊታችንን ወደ መንገዱ አዙረን ተቀመጥን፤ የሴት ገላ ማየት ነውር ነው፣ መስማት ግን ማንም አልከለከለንም። ሰኪና እንደ ልማዷ ዝም ብላ ታሻለች። እትዬ ፋናዬ ግን ዝምታው አልተዋጠላትም።

"ምን ዘጋሽ? ሰው ነው እንጂ ሊጥ ነው እንዴ የምታቦኪው?"

"ጾመኛ ነኝ፤ አፌ ደርቋል።"

"እኔም ጾመኛ ነኝ!"

"አንቺ ከሰዓት በኋላ ትበያለሽ። እኔ ፀሐይ እስክትጠልቅ ነኝ።"

"እኔ አምሳ አምስት ቀን ነው የምጾመው!"

"ቅቤውን ነው የምትጾሚው፣ ምላስሽን መች ጾምሽ?"

ግራዝማች ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑት። ከዚያ ድንገት ከውስጥ "ወይኔ!" የሚል ተሰማ። ሦስታችንም ተያየን። ያንን "ወይኔ" ሦስታችንም እናውቀዋለን፣ ከእኔና ከግራዝማች አፍም ወጥቷል። ጣቱ ቦታውን አግኝቷል ማለት ነው።

ሰኪና "እዚህ ማን ነው የተቀመጠው?" አለች።

"የራሴን ጥያቄ ነው የምትጠይቂኝ?" አለች እትዬ ፋናዬ። ድምፅዋ ግን ስድብ አልነበረበትም።

"ስንት ዓመት ማዶ ሆኜ ሰማሁት። ዛሬ ተራሽ ነው፤ መልሺ።"

"ማንም የለም።"

"ሁሉም እንዲህ ነው የሚልሽ።"

"ስሙን አልጠራም፣ ሰኪና። ተይኝ።"

"ለምን አትጠሪም?"

"ከጠራሁት ይሞታል።"

መምሬ አጠገቤ አንገታቸውን ደፉ። የሰኪና እጅ ላቱ ላይ ሲንሸራተት ይሰማኛል። ከዚያ እንደ እህት ባለ ድምፅ ተናገረች።

"ማሎ፣ እባክሽ፣ ፋናዬ። ስንቁን አቀበልሽው፣ እጅሽ ግን እዚያው ቀረ። እሱ እኮ ተቀብሎሻል። ተቀብሎሽ ሄዷል። በቃ፣ እጅሽን አውርጂው።"

"ገብረ መድህን" አለች እትዬ ፋናዬ፣ በጣም ቀስ ብላ። ከዚያ "ገብረ መድህን!" ብላ ጮኸች፤ አጥሩ ላይ የነበሩት ወፎች ተነሡ። ድው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ነውሩን ረስቼ ዞርሁ። ያ ክንድ ከራሷ በላይ ወጥቶ ደረቷ ላይ ወረደ። ደግሞ ወጣ፤ ደግሞ ወረደ። "ጌታዬ! መንገድ ላይ ነው እያልሁ! መንገድ ላይ ነው እያልሁ!" ትላለች። ሰኪና ከኋላዋ አቅፋት ራሷም ታለቅሳለች። እኔም አለቀስሁ፤ የማፍርበት ነገር የለም።

አሰላ ደግሞ ኡኡታ ከተሰማ ማንም ቤቱ አይቀመጥም። ሴቶች ነጠላቸውን እያደገደጉ፣ ወንዶች ጋቢያቸውን እያጣፉ ጎረፉ። ማን እንደ ሞተ የሚያውቅ የለም፤ ለቅሶው ግን ጀምሯል። አንዲት ሴት በአጥር ብታይ መምሬ ወልደጻድቅ መደቡ ላይ አንገታቸውን ደፍተው አይንቀሳቀሱም። "መምሬ ናቸው!" ብላ ጮኸች። ወሬው ታች ሰፈር እስኪደርስ አልቆየም፤ የመምሬ ሚስት እትዬ ማሚቱ ፊቷን እየነጨች መጣች። ሕዝቡን ጥሳ ገብታ መምሬ ቁጭ ብለው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየቻቸው።

"አልሞትህም?"

"አልሞትሁም" አሉ መምሬ፣ ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ።

በነጠላዋ ጫፍ መታቻቸው። ወዲያው አቅፋ ሳመቻቸው፣ ከዚያም ፊቷን ኮሶ አስመስላ "ይሄ ምን ይሸታል?" አለች።

"ታዲያ ማን ነው የሞተው?" አለ ከኋላ አንዱ።

"ገብረ መድህን።"

"መቼ?"

"በሃያ ስምንት።"

ለመጣበት ለቅሶ ሃያ ሦስት ዓመት የዘገየ ሕዝብ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። አንድ ሽማግሌ "ታዲያ መርዶውን ማን ነገራት?" ብለው ጠየቁ፤ ያለ መርዶ ድንኳን አይተከልምና። ሁሉም ወደ መምሬ ዞረ። መምሬ ተነሡ፣ ወገባቸውን ቀና አደረጉ።

"ትከሻዋ ነገራት" አሉ። "ድንኳን ትከሉ፤ ፍትሐቱን እኔ እፈታለሁ።"

ድንኳኑ ተተከለ። ንፍሮው ተቀቀለ። የዚያን ዕለት የአሰላ ወንድ እንዴት እንዳለቀሰ! ማንም አላነከሰም። ግራዝማች ሣህሌ ቀጥ ብለው ቆመው ለገብረ መድህን ያለቅሳሉ፤ በመካከሉ ግን የሴት ልጅ ስም ሲያመልጣቸው ሰማሁ፣ ለካ ለብቻቸው ስም አውጥተውላት ኖሯል። ሰኪና ከእትዬ ፋናዬ ጎን አልተነሣችም። ፀሐይ ስትጠልቅ ጾሟን የፈታችው በዚያ ንፍሮ ነው፤ ቆንጥራ በእጇ ያጎረሰቻት እትዬ ፋናዬ ናት።

በማግስቱ እንደ ወጉ የሟቹን ንብረት ለማሳየት ኮርቻው ወጣ። በቅሎ ስላልነበረ ጉደታ አዲሱን ፈረሱን አቀረበ፤ ኮርቻው ተጫነበት፣ አብረቀረቀ፣ ሕዝቡ እንደ አዲስ አለቀሰ። ጉደታ ስሜቱ መጣበትና ለሟቹ ክብር ሊጋልብ ዘሎ ወጣ። ሃያ ሦስት ዓመት በየሳምንቱ ቅቤ የጠጣ ኮርቻ ነው። ፈረሱ ወደ ፊት ሲሄድ ጉደታ ወደ ኋላ ቀረ፤ ተንሸራቶ በፈረሱ ጭራ በኩል ወረደ፣ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተዘረረ።

እትዬ ፋናዬ ከለቅሶው ተነሥታ መጣች። እንባዋ እየወረደ እግሩን ያዘች፣ ከጉልበቱ ጀመረች፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ደረሰች፣ ነካካችው። ፊቷ በራ።

"ወለምታ ነው!" ብላ ጮኸች። "በእግዚአብሔር፣ እውነተኛ ወለምታ!"

በለቅሶው መካከል ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከሁሉ በላይ የሳቀው ጉደታ ነው። ጾም ነውና ቅቤ የለም፤ ኑጉም ቤት ነው። ሰኪና ምንም ሳትናገር ቅሏን ዘረጋችላት። እትዬ ፋናዬ ቅሉን አየችው፣ ሰኪናን አየቻት።

"ይሸታል" አለች።

"ይሸታል" አለች ሰኪና።

እጇን ከተተች፤ አሸችው።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሣ ጉደታ እግሩ በአቡጀዲ ተጠቅልሎ ፈረሱ ላይ ወጣ። ኮርቻውን ለእሱ ሰጥታዋለች፤ ሰኪና በአመድ ፈትጋ ቅቤውን አስለቅቃለታለች። እኔ ደጄ ላይ ነበርሁ። እትዬ ፋናዬ የተረፈውን ንፍሮ በከረጢት ቋጥራ ከቤት ወጣች፤ በቀኝ እጇ ሽቅብ አቀበለችው። ክንዷ ሙሉ በሙሉ ተዘረጋ። ጉደታ ተቀበላት፣ እጇም ወረደ። ከዚያ ግንባሯ ድረስ አንሥታ አማተበች።

"ቤትህ ስትደርስ ሰው ላክብኝ" አለችው። "እንዳትረሳ። ደርሷል የሚል ሰው ላክብኝ።"

"እልካለሁ፣ እቴቴ።"

ሄደ። እሷም ቤቷ አልገባችም፤ ደጇ ላይ ቁጭ አለች። ሰኪና ከማዶ "ግቢ፣ ብርድ ነው!" ብትላት ያንን ክንዷን እስከ ላይ ወርውራ ስትሰድባት ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የፀሐይዋ ብርሃን ከጭላሎ ወገብ ላይ ሳይነሣ አንድ ከዳገቱ የሚመጣ አህያ ነጂ ደጇ ላይ ቆመ። እሷን አያውቃትም፤ መልእክቱን እንደ ነገሩት ብቻ ነው የሚያውቀው።

"ጉደታ ደርሷል ብሏል" አላት። "ቤቱ ገብቷል።"

"እግዜር ይስጥህ" አለች እትዬ ፋናዬ። ተነሣችና ገብታ በሯን ዘጋች።